ከጅማ ወደ አዲስ አበባ፦ የት ልከራይ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ሁሌ እናነባለን። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ ቆጪ ነው። ዘንድሮ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ቀጥሮኛል። እጄ ላይ የሚደርሰው 26,000 ብር ነው። ሥራ የምጀምረው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ግራ የገባኝ የቤት ነገር ነው።

አጎቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አለው። ‹ለምን ኪራይ ትከፍያለሽ? እኛ ጋ ኑሪ› ብሎኛል። ባለቤቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ ‹አንቺም ታግዥኛለሽ› አለችኝ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ደግሞ ገርጂ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሊከራዩ ነው። ሦስተኛ ሆኜ ከገባሁ ድርሻዬ 9,000 ብር ነው። እናቴ የምትፈልገው አየር ጤና፣ የምታውቃቸው የጅማ ሰዎች ግቢ ውስጥ፣ በ6,000 ብር ሰርቪስ ቤት እንድገባ ነው። ‹የጅማ መኪና የሚገባው በዚያ ነው› ትላለች። እኔ ግን በልቤ የምመኘው አያት ያየሁትን የ13,000 ብር ስቱዲዮ ነው። ብቻዬን መኖር አምሮኛል። የትኛውንም ብመርጥ አንድ ሰው ማስቀየሜ አይቀርም። ምን ይመክሩኛል?»

ግራ የገባት፣ ከጅማ

መልስ

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። የተማርሽው ሙያ ላይ፣ በተመረቅሽበት ዓመት መቀጠር ቀላል ነገር አይደለም። ቂጦ ፉርዲሳ የሚያፈራቸው ልጆች እዚሁ ቢቀሩልን ደስ ባለኝ። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ሲመረቅ ብዙ ወላጅ ይህንኑ ተስፋ አድርጎ ነበር። ለአንቺ ሙያ ግን ሥራው ዛሬም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ መሄድሽን አልከራከርም። ስለ ቤቱ እንነጋገር።

ሐሳቤን አላቆይብሽም። ገርጂ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ግቢ። የመጀመሪያውን ደመወዝ እስክትቀበዪ ግን አጎትሽ ጋ እረፊ። አየር ጤናንም አያትንም ለጊዜው ተያቸው። ምክንያቴን ላስረዳሽ።

ጅማ ላይ ያደገ ሰው ርቀት አያስፈራውም። ከቆጪ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ ቂጦ፣ ባጃጅ ይዘሽ ሳታስቢው ትደርሺያለሽ። ዝናቡ ከያዘሽም አንዱ በረንዳ ሥር ትንሽ ትቆሚያለሽ እንጂ ቀንሽ አይበላሽም። አዲስ አበባ እንዲህ አይደለም። እዚያ ሰው የቤቱን ርቀት ሲነግርሽ ስንት ሰልፍ እንዳለበት ጠይቂው። መገናኛ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፉ ተጠማዞ ተጠማዞ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ዝናብ ከጨመረበት ታክሲው ራሱ ይጠፋል። እሱን ሰልፍ በሳምንት አምስት ቀን፣ ደክሞሽ፣ ላፕቶፕ ተሸክመሽ ነው የምትቆሚው።

እኔ ለጀማሪ ሠራተኛ ቤት ስመክር መጀመሪያ የማየው የማታውን መንገድ ነው። ጠዋት ሰው ትኩስ ነው፤ ማልዶ ተነስቶ ችግሩን ይወጣዋል። ማታ ግን ሥራ ያመሻል። አለቃሽ «ይቺን ጨርሰሽ ሂጂ» ይልሻል። አንዳንድ ቀን ሲስተም ይበላሽና ሁሉም ሰው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይቆያል። ያን ቀን በአንድ ታክሲ የምትደርሺበት ቤት ያስፈልግሻል። ለሴት ልጅ ደግሞ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን የአጎትሽን ቤት እንይ። ከኮዬ ፈጬ መገናኛ ለመድረስ በጠዋቱ ግርግር፣ ሰልፉ ታክሎበት፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንበል። የባሰ ቀንም ይኖራል። መመለሻውም ያው ነው። በቀን 3 ሰዓት ሆነ። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 66 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከ8 ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ነው። በየወሩ ይህን ያህል ጊዜ መንገድ ላይ ታፈሺያለሽ ማለት ነው።

በርግጥ 9,000 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። በዓመት 108,000 ብር ነው። ለእናትሽ ቤት ብዙ ነገር ያደርጋል። ይህን ሳልቆጥር ቀርቼ አይደለም። ግን ነፃ የተባለው ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቅሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። «ታግዥኛለሽ» ተብለሻል። አራስ ቤት ነው፤ እገዛ ያስፈልጋል፣ ክፋት የለበትም። ሆኖም ማታ 2 ሰዓት ደርሰሽ ዳይፐር ስትቀይሪ፣ እንጀራ ስታቀርቢ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ አብረሽ ስትነሺ ይታየኛል። ወንድምሽ ቢሆን ተቀጥሮ የሚሄደው ይህን ማንም አይለውም ነበር። ራቱ ተቀምጦለት «ደክሞታል፣ ይተኛ» ይባል ነበር። አንቺም ሠራተኛ ነሽ። አንቺም ይደክምሻል።

የሙያሽ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ ተራ ዓመት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማርሽውና ድርጅቱ የሚሠራበት መሣሪያ አንድ ላይሆን ይችላል። ማታ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት ተቀምጠሽ የምታነቢበት፣ የምትሞክሪበት ጊዜ ካላገኘሽ ከእኩዮችሽ ትቀሪያለሽ። ደመወዝሽ በሚቀጥለው ዓመት የሚያድገው በዚያ ሰዓት ነው። ለገርጂው ቤት የምትከፍዪውን 9,000 ብር የዚያ ሰዓት ዋጋ አድርጊና ቁጠሪው።

አየር ጤናን እናትሽ ለምን እንደመረጠችው ይገባኛል። ጅማ ያለ ወላጅ ሁሉ አዲስ አበባን የሚያውቃት ከዚያ በር ነው። ወልቂጤን፣ ሰበታን፣ ዓለም ገናን አልፎ ከተማው የሚጀምረው አየር ጤና ነው። የሚያውቁት ሰው ደግሞ ዋጋ አለው። ግን አየር ጤና በከተማው ምዕራብ ጫፍ ነው፤ መገናኛ ምሥራቅ። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በየቀኑ ልታቋርጪ ነው። ባቡሩም ቢሆን አየር ጤና አይደርስም፤ ጦር ኃይሎች ላይ ነው የሚያበቃው። እስከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ባቡር። ወደ ጅማ የምትመለሺው ደግሞ በዓመት ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ለበዓልና ለእረፍት። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ተብሎ የዓመቱ ሥራ ቀን ሁሉ አይከፈልም።

አያትስ? ምኞትሽን አልነቅፍም። የራስ በር፣ የራስ ቁልፍ ደስ ይላል። ለመገናኛም ቀጥታ መንገድ አለው። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ባቡር ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ ይደርሳል። አያት መነሻው ስለሆነ ጠዋት ቦታ የማግኘት ዕድል አለሽ። ማታ ግን መገናኛ ላይ የምትጠብቂው ባቡር ከሜክሲኮና ከስታዲየም ጀምሮ ሞልቶ ነው የሚመጣው። በመለዋወጫ እጦት የቆሙ ባቡሮች ስላሉም ጥበቃው ይረዝማል። ዋናው ችግር ግን ብሩ ነው። 13,000 የደመወዝሽ ግማሽ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ዕቃ፣ ሁሉንም ብቻሽን ትገዣለሽ። ሙከራ ጊዜሽ ላይ ሥራው ባይስማማሽ ወይም ድርጅቱ ቢያቆምሽ፣ አንድ ወር እንኳ የሚያቆይሽ ገንዘብ አይኖርሽም። ዓመት ሠርተሽ፣ ደመወዝ ተጨምሮልሽ፣ ያኔ ብቻሽን ግቢ። ያኔ እኔም ደስ ብሎኝ «አበጀሽ» እላለሁ።

ገርጂ ከመገናኛ በአንድ ታክሲ ነው። ታክሲ ቢጠፋ፣ ቀን ከሆነ፣ በእግርም ይደረሳል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህን ብዙ ጀማሪ አያስበውም። በእናንተ ሙያ ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ አይቆይም። ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ይቀይራል። ስለዚህ ቤትሽን ለአንድ ሕንፃ ብለሽ አትምረጪ። ቀጣዩ ሥራሽ ሊሆን የሚችልበትን ሁሉ እዪ። ከገርጂ በኢምፔሪያል በኩል ቦሌ ትወጫለሽ። በጃክሮስ በኩል ጎሮ ትሄጃለሽ፤ አይሲቲ ፓርኩ ያለው እዚያ ነው። መገናኛ ደግሞ ወደ ሁሉም አቅጣጫ መኪና የሚገኝበት ነው። ሥራ ብትቀይሪም ቤት መቀየር ላያስፈልግሽ ይችላል።

አጎትሽን ሳታስቀይሚ እንዴት ትነግሪዋለሽ? መጀመሪያ እናትሽ ትደውልለት። ካንቺ ከመስማቱ በፊት ከእህቱ ቢሰማው ይከብደዋል ብዬ አላስብም። ከዚያ አንቺ ራስሽ፣ በግልጽ፦ «ጋሼ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን እስክቀበል እርስዎ ጋ ልረፍ። ከዚያ ሥራዬ ስለሚያመሽ ከቢሮው አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር እገባለሁ። እሁድ እሁድ ሕፃኑን ለማየት እመጣለሁ።» ይህን ከመሄድሽ በፊት በይው። ቤቱ ገብተሽ ወር ተቀምጠሽ ከወጣሽ «ምን በደልናት?» ይባላል። ከመጀመሪያው የታወቀ ከሆነ እንግዳ ነሽ፤ እንግዳ ሲሄድ ማንም አይቀየምም። ያቺን አንድ ወር ደግሞ ከልብሽ አግዢያቸው። እሁድ እመጣለሁ ያልሽውንም እውነት አድርጊው። አዲስ አበባ ላይ የሥጋ ዘመድ መኖሩ ብትታመሚ፣ ቢቸግርሽ የምታርፊበት ነው።

ይህች ወር ለኪስሽም ትጠቅማለች። ቤት ስትይዙ ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ ደላላ አለ፣ ፍራሽ አለ። ደመወዝ ሳይገባ ይህን ሁሉ እናትሽ ላይ መጫን አይገባም። ጓደኞችሽ ካንቺ ቀድመው የሚገቡ ከሆነ «ከሚቀጥለው ወር እገባለሁ» ብለሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው። ቤቱን ካየሽው በኋላ ደግሞ ቦታሽን ሌላ ሰው እንዳይዘው ከቻልሽ ትንሽ ነገር አስቀድመሽ ስጪ።

አከራዩ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ ቅድሚያ ከጠየቃችሁ አትደንግጡ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ያንቺ ድርሻ ቢበዛ 18,000 ብር ነው ማለት ነው። ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ወር የሚጥልባችሁ ነገር አይደለም። አንዳንዱ አከራይ «ውል ምን ያደርጋል፣ በመተማመን ይሁን» ይላል። በመተማመን አትግቡ። ኪራዩንም በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፤ የከፈላችሁበት ይታወቃል።

ውሉ ላይ የሦስታችሁም ስም ይጻፍ። ይህን አጥብቄ የምለው የአንዷ ስም ብቻ ያለበት ቤት ውስጥ ሁለቱ እንግዶች ስለሚሆኑ ነው። ስትጣሉ «ውጪልኝ» ይመጣል። ለመውጣት ከስንት ጊዜ በፊት ማሳወቅ እንዳለባችሁም ይጻፍ። በመካከላችሁ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አንዷ ብትወጣ ኪራዩን ማን ይሸፍናል? ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለሦስት ነው፤ ማን ብቻዋን ትተኛለች፣ እሷስ ጨምራ ትከፍላለች? እንግዳ ማደር ይችላል? መብራትና ውሃ፣ አስቤዛ እንዴት ይሆናል? ጓደኛሞች ይህን መነጋገር ያሳፍራቸዋል። ካልተነጋገሩበት ግን በሁለተኛው ወር ጓደኝነቱም ኪራዩም ችግር ውስጥ ይገባል። አንቺ አንሺው። መጀመሪያ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ቤቱን ሳታዪ ብር አትላኪ። ፎቶና ቪዲዮ አይበቃም። አጎትሽ ጋ እንዳረፍሽ በሥራ ቀን ሄደሽ እዪው፣ እሁድ አይሁን። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ቁሚና የገርጂን ታክሲ ያዢ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቅሽ ስልክሽ ላይ ጻፊ። ከታክሲ ወርደሽ እስከ ቤቱ በር ድረስ በእግርሽ ሂጂ። መብራት አለው? ሱቆቹ ክፍት ናቸው? ውሻ አለ? ደላላው ይህን አይነግርሽም። ሱቅ ያለችውን ሴትዮ፣ ደረጃ ላይ ያገኘሻትን ጎረቤት ጠይቂ። እነሱ እውነቱን ይነግሩሻል።

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የምትጠይቂውም እነሱኑ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ደግሞ በፈረቃውም ቀን ላይወጣለት ይችላል። ሮቶ አለ? ሞተሩስ ይሠራል? ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ምን እንደሆነ ሁለት ቀን ካደረግሽው ይገባሻል። ለአንቺ ሥራ ኢንተርኔቱም እንደ ውሃው ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ገብተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ስልክሽ ላይ ቪዲዮ ክፈቺ። የቤት ኢንተርኔት መስመር ገብቶ እንደሆነ አከራዩን ጠይቂ። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ጎረቤት ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ወረዳ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ቤቱ የኮሪደር ልማት የሚያልፍበት መስመር ላይ ነው ወይ? ፒያሳና ካዛንቺስ በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደተቀየሩ ሰምተሻል። ሰፈር ሲነሳ ተከራይ ነው መጀመሪያ መሄጃ የሚያጣው።

ከቤት ስትወጪ ወፍራም ብርድ ልብስ ያዢ። ጅማ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ክረምቱ ላይ ልዩነቱን ታውቂዋለሽ።

እናትሽን በተመለከተ፣ የፈራችው አየር ጤና አለመግባትሽን አይመስለኝም። የማታውቀው ቤት፣ የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው የሚያሰጓት። ስለዚህ አሳውቂያት። የሁለቱን ጓደኞችሽን ስልክ ስጫት፤ የእነሱ እናቶችም ስልክ ይኑራት። የጅማ ልጆች ከሆኑ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስቱ እናቶች ቡና ይጠጡ። የአየር ጤናዎቹንም ሰዎች አትጣያቸው። ከጅማ ስትገቢ ከመሸብሽ የምታድሪው እነሱ ጋ ነው። ቤቱ ከተያዘ በኋላ እናትሽ መጥታ ሁለት ቀን ትደር። ባጃጅ የማይገባበትን ደረጃ ወጥታ፣ መኝታሽን አይታ፣ ጎረቤቱን ሰላም ብላ ስትመለስ እንቅልፏን ታገኛለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ለድርጅቱ ደውዪ። ሦስት ነገር ጠይቂ። በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ ትገቢያለሽ? ሥራ ሲያመሽ የሚያደርስ ሰርቪስ አለ? ቢሮውን በዚህ ዓመት ወደ ሌላ ቦታ የመቀየር ሐሳብ አላቸው? ድርጅቱ ጎሮ ሊዛወር ከሆነ ወይም ቢሮ የምትገቢው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ የኮዬው ስሌት ይለወጣል። እንደዚያ ከሆነ ለጓደኞችሽ ቃል ከመግባትሽ በፊት መልሰሽ ጻፊልኝ፤ አብረን እንደገና እናየዋለን።